አሁን ማን ነው የሚታየው?

ስለ ሰርከስ ቡድኑ የተሠራው ፊልም ለአባላቱ የታየው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ልምምድ በሚያደርጉበት አዳራሽ ነው። ግድግዳው ላይ ነጭ አቡጀዲ ወጠሩ፤ መስኮቶቹን በመውደቂያ ፍራሾች ጋረዱ፤ ሰው ሁሉ ወለሉ ላይ ተኮለኮለ። ልብስ ሰፊዋ ጉልበቷ አልታጠፍ ስለሚላት ለእሷ ብቻ ወንበር መጣ። ወንድሟ እግሯ ሥር፣ ጀርባውን ወንበሩ ላይ አስደግፎ ተቀመጠ።

እህትና ወንድም ሰርከሱ ውስጥ መሥራት ከጀመሩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። እሷ ልብስ ትሰፋለች፣ ትጠግናለች፣ ታጥባለች። እሱ ድራም ይመታል። የቡድኑ ልጆች እሷን እትዬ፣ እሱን ጋሽ ምት ይሏቸዋል። ትርኢታቸው ሙዚቃን ለማጀቢያ ብቻ የሚጠቀም አይደለም። ገመድ ላይ የሚሄደው ሰው ቫዮሊን እየተጫወተ ነው የሚሄደው፤ ትከሻዋ ላይ ሦስት ሰው የምትሸከመው ሴት መለከቷን እየነፋች ነው የምትሸከመው። ሁሉም የሚነሳውና የሚያርፈው በጋሽ ምት ድራም ነው። እሱ ደግሞ አያይም። በአራት ዓመቱ ኩፍኝ ዓይኖቹን ወስዶበታል። ግን ዘላዮቹን አንድ በአንድ በኮቴያቸው ይለያቸዋል። ዥዋዥዌ ላይ የምትወጣው ልጅ ቀኝ ጉልበቷን ያመማት ቀን፣ ገና ሦስተኛ እርምጃዋ ላይ ይሰማውና ምቱን ለቅጽበት ያዘገይላታል። ልጅቱም ይህን ስለምታውቅ ጉልበቴን አመመኝ ብላ ነግራው አታውቅም።

የሚታየውን የምትነግረው እህቱ ናት። አሥር ዓመቷ ላይ የጀመረችው ሥራ ነው፤ አሁን ስልሳን ልትደፍን አንድ ዓመት ቀርቷታል። ድልድይ ሲሻገሩ ወንዙ ሞልቶ እንደሆነ፣ ሠርግ ሲጠሩ ሙሽራዋ ምን እንደምትመስል፣ ሐኪሙ ፊቱን አጨማድዶ እንደሆነ እሷ ናት የምትነግረው። ደክሟታል። ደክሞኛል ብላ ግን አታውቅም፤ ለማንስ ትላለች?

ፊልሙን የሠራችው ዳይሬክተር ገና ሠላሳ ያልሞላት ልጅ ናት። አርባ ቀን ሙሉ ከሁለት ካሜራ ጋር አብራቸው ከርማለች። ፊልሙን ያዘዘው ድርጅት፣ አንድ ድንኳን ሥር ልዩ ልዩ ዓይነት ሰው አብሮ ሲሠራ እንዲታይ፣ ማንም እንዳይቀር ብሎ ነበር። ዳይሬክተሯም ትእዛዙን ከልቧ ነው የወሰደችው። ኳስ እየወረወረ የሚቀልበውን ባለ አንድ እጅ ልጅ አነጋገረች፤ በስደት የመጣውን ቫዮሊኒስት አነጋገረች፤ የሦስት ልጆች እናት የሆነችውን መለከተኛ አነጋገረች፤ ጋሽ ምትንም አነጋገረች። ጋሽ ምት ከእሷ ጋር ሲያወራ የዋለባቸውን ቀናት ወዷቸው ነበር። ስለ ኮቴ፣ ስለ ቆዳው ውጥረት፣ ዝናብ ሲመጣ ድራሙ እንዴት እንደሚያኮርፍ ነግሯታል። እቤት ሲገባም ዛሬ ስለ ሥራዬ አወራሁ ይል ነበር።

ፊልሙ ተጀመረ። መጀመሪያ የተሰማው የእሱ ድራም ነው፤ በዝግታ የሚጀምረው፣ የመክፈቻው። አንገቱን ቀና አድርጎ ፈገግ አለ። ወዲያው አንገቱን ወደ እህቱ መልሶ አንሾካሾከ።

"አሁን ማን ነው የሚታየው?"

አቡጀዲው ላይ የሚታየው የዥዋዥዌዋ ልጅ እግር ነበር። ከዚያ እጇ፣ ኖራ የተቀባው። ከዚያ የልጅቱ ፊት።

"አንተ ነሃ" አለችው።

ለምን እንዳለችው ኋላ ራሷን ጠይቃለች። ሙሉ ቀን ልብስ ስትተኩስ ነበር የዋለችው። ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል። እሱም ደስ ብሎታል። አንድ ቃል ነው፤ አለፈ። ሙዚቃው በቀጠለ ቁጥር ግን ጥያቄውም ቀጠለ። ፈጣኑ ምት ጋ ሲደርስ ጠየቃት፤ የምትታየው መለከተኛዋ ነበረች፤ "አንተ" አለችው። ሌላው መሣሪያ ሁሉ ቆሞ ድራሙን ብቻውን የሚመታበት፣ ሁለት ዱላ የሚሉት ቦታ ደረሰ፤ እሱ የሚኮራበት፣ አራት ዓመት የደከመበት ነው። የሚታየው ገመድና ጣሪያ ነበር። "እጅህ ይታያል" አለችው።

እሱ የታየው ሙዚቃው ጸጥ ሲል ነው። ከአዳራሹ ጀርባ ያለውን የሲሚንቶ ደረጃ በነጭ በትሩ እየዳሰሰ ሲወርድ ታየ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ወረደ። አራት ጊዜ ወረደ። ክርኑን የያዘ የሴት እጅም አብሮ ይታያል፤ እስከ አንጓው ድረስ ብቻ። የገዛ እጇ ነው። ከላይ የተራኪው ድምፅ፣ በጨለማ ውስጥ ሆኖ ብርሃንን ያልተወ ሰው እያለ ይናገር ነበር። ይህን እሱም በጆሮው ሰማው። በመዳፉ ጭኑን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገ።

ከዚያ ሁለት ዱላው ተመልሶ መጣ፤ እሷም ገና ሳይጠይቃት "አሁንም አንተ ነህ" አለችው። በዚያው ቅጽበት አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ከፊት የተቀመጠው ቀልደኛ፣ አወዳደቄ እንዴት እንደሚያምር እዩልኝ እያለ በራሱ ይስቅ ነበር። አቡጀዲው ላይ ከኳስ ላይ ተንሸራትቶ የወደቀው እሱ ነው። የወንድሟ ጀርባ ከወንበሩ እግር ራቅ አለ። ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቃትም።

ሲያልቅ ሁሉም አጨበጨበ። የዥዋዥዌዋ ልጅ እያለቀሰች መጥታ ጋሽ ምትን አቅፋ ሳመችው፤ ደረጃውን ሲወርዱ ሳይ ሆዴ ባባ አለችው። የቱን ደረጃ ብሎ ጠየቃት። የጓሮውን አለችው። እሱም በዚያ ደረጃ ድራሙን ጀርባው ላይ አዝሎ እየሮጠ እንደሚወርድ ታውቃለች፤ ሆዷ ግን ባብቷል። ቫዮሊኒስቱ ብቻ ጥግ ላይ ቆሞ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ቫዮሊን አውርቻት የተውልኝ የተሰደድኩባትን ጀልባ ወሬ ብቻ ነው ብሎ ለመለከተኛዋ ሲያጉረመርም ይሰማ ነበር። እሷም፣ አንተስ ጀልባ አለህ፣ እኔ ሦስት ልጅ ሳጥብ ነው የዋልኩት አለችው።

በማግስቱ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋ ላይ ተጎንብሳ ሱሪ ስታሳጥር ወንድሟ ገባ። የልብስ ክፍሉን ያውቀዋል፤ ከበሩ ስድስት እርምጃ፣ ከዚያ ሣጥኑ። ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ። መኪናው እስኪቆም ጠበቃት።

"እትዬ፣ ትናንት ስንት ጊዜ ነው የታየሁት?"

"ብዙ ጊዜ ነው። አልቆጠርኩም።"

"ቀልደኛው ሲወድቅ እኔ ነበርኩ የምታየው?"

ክሩን ከመርፌው አወጣች፣ መልሳ አስገባች።

"ስሚኝ" አለ በዝግታ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ያ ነው የባሰባት። "አዳራሹ ግማሽ ሆኖ 'ጢም ብሏል' ስትይኝ ዓመታት አልፈዋል። አውቃለሁ። ባዶ ወንበር ድምፅ ይመልሳል፤ ሰው የተቀመጠበት ድምፅ ይበላል። የሐኪሙንም ፊት ከአተነፋፈሱ ዐውቄዋለሁ። ዝም ያልኩሽ ደክሞሽ ነው፤ ትንሽ ብታርፊበት ብዬ ነው። ይሄኛው ግን ሌላ ነው። አዳራሹን በጆሮዬ አገኘዋለሁ። ሥዕሉን ካንቺ በቀር የማገኝበት የለኝም።"

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእሷ ግን እያደር የሚከብድ ዓይነት ኖሯል። የሱሪውን እግር አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና፣ ደረጃው ብቻ ነው አለችው። ደረጃው አራት ጊዜ። ድራሙ ጋ አንድም ጊዜ አልታየህም።

ሳቀ፤ አጭር ሳቅ። ከዚያ፣ እንሂድና እንደገና እንየው፤ አሁን አንድም ሳታስቀሪ ንገሪኝ አላት።

ዳይሬክተሯ የምትሠራበት ክፍል ከአንድ የወረቀት መደብር በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ፊልሙን የሚቆርጠውና የሚቀጥለው አርታኢ ሁለት ስክሪን ፊት ተቀምጧል፤ ዓይኑ ከእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል። ዳይሬክተሯ ወንበር አቀረበችላቸው፤ ሻይ ላምጣ አለች፤ አይ አሉ። ጋሽ ምት የመጣበትን ነገራት፤ እሷም ደስ ይለኛል አለች፤ ደስ ያላት ግን አትመስልም።

እህቱ ተናገረች። ሰባ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ተናገረች። የልጅቷ እግር፤ ኖራ፤ ገመድ፤ ጣሪያ፤ የመለከተኛዋ ጉንጭ፤ የቫዮሊኒስቱ ጫማ፤ ደረጃ፤ በትርህ፤ የኔ እጅ፤ ደረጃ፤ እየተጫወትክ ነው ግን የሚታየው ቀልደኛው፤ ደረጃ። ምንም አልጨመረችም፤ ምንም አልቀነሰችም። ጉሮሮዋ ደረቀ። አርታኢው መጀመሪያ ስክሪኑን ነበር የሚያየው፤ ኋላ እሷን ማየት ጀመረ። ዳይሬክተሯ ጥፍሯን ትበላለች። ፊልሙን መቶ ጊዜ አይታዋለች፤ እንዲህ ሲዘረዘር ግን ሰምታው አታውቅም።

ሲያልቅ ጋሽ ምት ደረጃውን አውጡት አላለም። ይቅር አለ፤ ወረድኩ አይደል፣ መውረዴ እውነት ነው። የጠየቀው አንድ ነገር ነው። ሁለት ዱላው ጋ ስትደርሱ፣ ስመታ አሳዩኝ። ሰው ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ይወቅ።

ዳይሬክተሯ ለአርታኢው ፈልግ አለችው። እሱም ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ሳምንት ሙሉ ፈልጌያለሁ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው አላት። ያልተቀረጸ ነገር ከየት ይመጣል?

"አርባ ቀን አብራችሁን ነበራችሁ" አለ ጋሽ ምት።

ዳይሬክተሯ መልስ ከመስጠቷ በፊት እህቱን አየቻት፤ እህቱ ደግሞ ወለሉን።

"ካሜራው አይይዘውም ነበር፣ ጋሼ" አለች በመጨረሻ። "እርስዎ የሚቀመጡበት ቦታ ጨለማ ነው። ከትልቁ ምሰሶ ኋላ። መብራት የለም። እኔ... እርስዎ እንደዚያ የሚፈልጉ መስሎኝ ነበር።"

ከታች የወረቀት መደብሩ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማል።

"ስንት ጊዜው ነው?" ብሎ ጠየቀ። የጠየቀው ዳይሬክተሯን አልነበረም።

እህቱ ደረጃውን እየወረዱ ነገረችው። ቡድኑን የተቀላቀሉ ጊዜ መብራት አንሶ ነበር። የመብራት ሠራተኛው ያሉትን ሲያከፋፍል ድራሙን አለፈው፤ ለእሱ ምን ያደርግለታል ብሎ። እሷ በመጀመሪያው ቀን አይታለች። በሚቀጥለው ሳምንት እናገራለሁ አለች። ሳምንቱ ወር ሆነ። ዓመት ካለፈ በኋላ ደግሞ፣ እስካሁን ለምን ዝም አልሽ የሚለውን ፈራች። ለሌሎቹ ጨርቅ ስትመርጥ የሚያብለጨልጨውን ለእነሱ እያደረገች፣ ለእሱ የተረፈውን ጥቁር ስትሰፋለት፣ ለማይታይ ሰው ማን ይደክማል የሚል ሐሳብ አንድ ቀን በልቧ አልፏል። ያንንም ነገረችው። መናገር ከጀመረች ወዲያ ማቆም አቃታት።

መንገድ ላይ ሲደርሱ ክርኑን ከእጇ አወጣና በትሩን ዘረጋ። እቤት ድረስ በሁለት ክንድ ርቀት ሄዱ።

ለሦስት ቀን አላናገራትም። ጠዋት የዥዋዥዌዋ ልጅ መጥታ ትወስደዋለች፣ ማታ ቀልደኛው ያደርሰዋል። ምሳ ላይ ሰሐኑን ይዞ ከወጣቶቹ ጋር ይቀመጣል። ልጆቹ ምን እንደተፈጠረ ባያውቁም ሁለቱንም በጥንቃቄ ነበር የሚያናግሯቸው፤ በቤተሰብ መካከል የገባ ነፋስ ያስታውቃል። እሷ በእነዚያ ቀናት ከሥራ ስትመለስ መንገዱን ዝም ብላ ትሄድ ነበር። ቀይ መኪና አለፈ፣ ጉድጓድ አለ፣ አጥሩን ቀቡት የምትለው ሰው የለም። ዕረፍት ይሆናል ብላ ስታስብ የኖረችው ይህ ነበር። ዕረፍት አልሆነም። ያየችው ነገር ሁሉ እንዳልተሰጠ ዕቃ እጇ ላይ ቀረ።

በአራተኛው ቀን ጋሽ ምት የመብራት ሠራተኛውን ፈልጎ መሰላል ላይ አገኘው። እህቱ መጋረጃ ልትሰቅል እዚያው ነበረች፤ ሁሉንም ሰማች። ድራሙ ላይ መብራት ስቀልልኝ አለው። ሠራተኛው ደነገጠ። ጎልማሳ ሰው ነው፣ ክፉ አይደለም። ጋሼ፣ እኔ እኮ ለእርስዎ ምን ይጠቅማል ብዬ ነው እንጂ አለ፤ ቃሉ አፉ ላይ ሳለ ምን እንዳለ ገባውና ቀላ።

"ለእኔ መስሎህ ነው?" አለ ጋሽ ምት። "መብራት እኮ ለሚያየው ሰው ነው።"

ሠራተኛው ከመሰላሉ ወረደ። በዚያው ከሰዓት በኋላ ከመግቢያው በር አንዱን መብራት ነቅሎ፣ ገመዱን በምሰሶው አዙሮ ከድራሙ በላይ ሰቀለው። ሦስት ጊዜ አስተካከለው። ማንም ሳይጠይቀው ለቫዮሊኒስቱም አንድ መብራት ጨመረለት።

ጋሽ ምት ወደ ልብስ ክፍሉ መጥቶ ሣጥኑ ላይ የተቀመጠው የዚያን ዕለት ነው። ይቅር ብዬሻለሁ አላለም። የመብራቱ ሙቀት አንገቴን አቃጠለኝ፣ እጅጌ የሌለው ልብስ ሥሪልኝ ነው ያላት። ምን ዓይነት ቀለም ብላ ጠየቀችው። እኔ ምን ዐውቃለሁ፣ አንቺ አይደለሽ የምታይው አላት። ሁለቱም ትንሽ ሳቁ፤ ብዙ አልሳቁም።

ፊልሙን በተመለከተ የሆነው ብዙ አይደለም። ዳይሬክተሯ ለድርጅቱ ጻፈች፣ ተከራከረች። ፊልሙን አስቀድመው ያዩት ሰዎች ደረጃው ላይ አልቅሰናል ብለው ስለጻፉ ደረጃው እንዳይወጣ ተባለ፤ ከአራት ወደ ሁለት ዝቅ ማድረግ ብቻ ፈቀዱላት። ስለ ጨለማና ብርሃን የሚለውን የተራኪውን ቃል በገዛ ሥልጣኗ አወጣችው። መብራቱ ከተሰቀለ በኋላ ደግሞ ካሜራዋን ብቻዋን ይዛ መጣችና ጋሽ ምት ሁለት ዱላውን ሲመታ ቀረጸችው። ከዚያ ውስጥ ሃያ ሰከንዱ ፊልሙ ውስጥ ገባ፤ መጨረሻ ላይ፣ የሠሩት ሰዎች ስም በሚወርድበት ጎን፣ ሰው ኮቱን ፈልጎ ከወንበሩ በሚነሳበት ሰዓት። ይህንንም እህቱ እንዳለ ነገረችው፤ ኮቱን ጨምራ። ሃያም ሃያ ነው አለ። ደስ አላለውም፤ አላዘነምም።

መብራቱ ከተሰቀለ በኋላ በመጣው የመጀመሪያው እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ ባለው ትርኢት፣ ልብስ ሰፊዋ ያላትን አሳጥራና አስተካክላ ስትጨርስ ከመጋረጃው ኋላ ወጥታ በተመልካቹ በኩል ዞረች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከዚያ በኩል ተቀምጣ አታውቅም። አዳራሹ ግማሽ ነበር። በመጨረሻው ረድፍ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች።

ወንድሟ ከምሰሶው አጠገብ በብጫ ልብስ ይታያል። ግንባሩ አብርቷል። የዥዋዥዌዋ ልጅ መሮጥ ስትጀምር አንገቱን ወደ ወለሉ ዘንበል አደረገ፤ የታች ከንፈሩን ነከሰ፤ ዱላውን አየር ላይ ያዘው፤ ያዘው፤ ከዚያ መታ። ልጅቱ ተነሳች። አጠገቧ የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ ወደ ባላቸው ዘንበል ብለው፣ ሰውዬው ነው የሚያስነሳት አየህ አሉ። ልብስ ሰፊዋ ሰማች። የምትነግረው ነገር አገኘች። ጀርባዋን ወንበሩ ላይ ጣል አድርጋ ለትንሽ ጊዜ ዓይኗን ጨፈነች።

የጽዳት ሠራተኛዋ ትከሻዋን ስትነካት አዳራሹ ባዶ ነበር። ወንድሟ ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ በትሩን አጣጥፎ፣ አጠገቧ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጧል። መቼ እንደመጣ አላወቀችም። ሁለተኛውን ክፍል እንዴት አየሽው ብሎ ጠየቃት።

"አላየሁትም" አለችው። "እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር።"

"ድራም እየተመታ?"

"እየተመታ።"

ተነሥቶ ክርኑን ዘረጋላት። ጫማዋን በእግሯ ፈልጋ እስክታገኘው ድረስ ቆሞ ጠበቃት።